የአንድ ኮት ፎቶዎች

አሰበችን ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም። ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች የሚያሳክም ማኅበር አለ፤ የማኅበሩ ፎቶ አንሺ እሷ ናት። ታነሳለች፣ በየእርሻው ለይታ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጣለች፣ ኔትወርክ የመጣ ዕለት ፌስቡክ ላይ ትለቃለች። ትምህርቷን ስምንተኛ ላይ ነው ያቋረጠችው፤ ኮምፒውተሩንም እየነካካች ነው የለመደችው።

በሁለት ሺህ ስድስት የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ፣ ከወባ የዳኑትን ሠራተኞች ፎቶ ባንድ አልበም ሰብስባ ለቀቀች። ሲነጋ አንዱ ከሥር ጽፎ አገኘች። «ሁሉም አንድ ኮት ነው የለበሰው። አንዱን ሰውዬ ጢሙን እየላጩ ነው እንዴ የሚያነሱት?» ይላል። በጽሑፉ የሳቀው ሰው ብዛት።

እውነት ነው፣ ኮቱ አንድ ነው። ሠራተኛው ከእርሻ የሚመጣው ጭቃና ላብ በበላው ቁምጣ ነው። ፎቶ ሲሉት «እንዲህ ሆኜ?» ብሎ ይሸሻል፤ አገሩ ፎቶ ቤት ሲገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት ለብሶ ነው የሚነሳው። አሰበችም የወንድሟን ሰማያዊ ኮት አምጥታ የማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ሰቀለችላቸው። አንዱ አውልቆ ላንዱ እየሰጠ ተነሱ።

የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ደረበ ስልካቸውን ይዘው ገቡ።

«አጥፊው» አሏት። «ረጂዎቹ ይሄን እያዩ ነው፤ አጭበርባሪ ሊሉን ነው። በሥራ ልብሳቸው እንደገና አንሻቸው።»

«ጋሼ፣ እነሱ እሽ አይሉም።»

«እንግዲያው ካሜራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ሠራተኞቹ ወደሚያርፉበት ዛፍ ሄደች። ጀምበሩ የሚባል የበለሳ ሰው፣ ገና አቅሙ ያልተመለሰ፣ ጥላው ሥር ተቀምጧል።

«በቁምጣህ እንደገና እንዳነሳህ ታዝዣለሁ» አለችው።

«ምነው እህቴ? የወንድሜ ልጅ አገራችን አርባያ ላይ ፎቶዬን በስልኩ ለናቴ አሳይቷታል። ቆላ በልቶታል ብላ ስታለቅስ ከርማ፣ ኮት ለብሼ ብታየኝ ነው እህል የቀመሰችው። አሁን በቁምጣ ብታየኝ የፊተኛው ውሸት ነው ትላለች።»

አጠገቡ የተጋደመው ሳቀ። «በኮቱማ ባለሀብት መስሎ የለ፤ እኔም ሥራ ልጠይቀው ነበር።»

«ዝም በል፣ አንተን እጅጌው ውጦህ ነው የወጣኸው» አለው ጀምበሩ።

አሰበች ካሜራውን ሳትከፍት ተመለሰች። አልበሙንም አላጠፋችም። ሠራተኞቹን አስፈቅዳ ከየፎቶው ሥር የየሰውን ስምና አገር ጻፈች። ከላይ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ኮቱ አንድ ነው፣ የወንድሜ ነው። ሰዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ዘመድ ፊት አምሮ መታየት የፈለገ ሁሉ ከኛ ይዋሳል። የምናፍርበት የለም።» ለቀቀችው።

መጀመሪያ ከእስቴ አንዲት ልጅ መለሰች። «ሦስተኛው አጎቴ ነው፤ አምሮበታል» አለች። ከደምቢያም አንዱ ወንድሙን አገኘ። ከዚያ በኋላ የሚስቅ ጠፋ፣ የሚጠይቅ በዛ፤ የኔ ሰው የት አለ፣ የኔንስ አላነሳችሁትም ወይ ይላሉ።

አቶ ደረበ አሰበች ፊት ቆመው ሁሉንም ከስልካቸው አነበቡ።

«ኮቱ መታጠብ አለበት» አሉ በመጨረሻ።

«ካሜራውስ፣ ጋሼ?»

«ካሜራው ያንችው ነው። ሂጂ፣ ሰዎቹ እየጠበቁሽ ነው።»