መርዝ የምታጠናው ተከራይ

ለትምህርት ከጋምቤላ ልወጣ ዋዜማው ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አባቴ ለስንብት የወሰደኝ ዘመድ ቤት ሳይሆን እስር ቤት ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ አቦቦ ወረዳ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። እኛ አኙዋክ ነን፤ ከመንደራችን አጠገብ ደግሞ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች አሉ። ከነሱ አንዷ እትዬ ጥሩዬ በቆሏቸውን ለማሰብሰብ ደቦ ጠርተው ጠላ ጠምቀው ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ኦሞድ ወዳጃቸው ስለሆነ ሊያግዝ ሄደ። ጠላውን ከጠጡት ብዙዎቹ ታመው ዳኑ፤ ኦሞድና አንድ የሰፈራ ሰው ግን ምራቃቸው እየተዝረበረበ ወድቀው ሳይመሽ ሞቱ። እትዬ ጥሩዬ ሲያስተናግዱ ስለዋሉ አልቀመሱም። ጉድ ያደረጋቸውም ይኸው ነው። አኙዋኩም ደገኛውም “መርዛ ገደለቻቸው” አለ፤ እሳቸውም ተያዙ።

አባቴ ወንድሙን ሲያክም ግን የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ጫፍ ሲያክል አይቷል። ይህ ከሥር ከቅጠል የመጣ አይመስለኝም ብሎ ለፖሊሶቹ ነገራቸው። ታዲያ ከምን ነው ሲሉት ይመርመር አላቸው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና አልቆየችም፤ ቢሮዎቹ አዲስ ታፔላ ሰቅለው ወንበር የሚጠብቁበት ጊዜ ነው። መርዝ መርምሮ የሚናገር ከየት ይምጣ? ጠላው እንደሆነ ተደፍቷል። አባቴ ግን እሳቸው አላደረጉትም ብሎ ስላመነ ሊያሰናብተኝ ወደሳቸው ወሰደኝ።

እትዬ ጥሩዬ የእስር ቤቱ አጥር ሥር ቆመው ጉንጬን ሳሙኝና ምን ልትማሪ ነው አሉኝ። ኬሚስትሪ አልኳቸው። እሱ ምንድነው ሲሉኝ፣ ነገር ሁሉ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ነው አልኳቸው።

“ደግ ነው” አሉ። “ተማሪ።”

በነጋታው በጭነት መኪና ወጣሁ። ደጋው ላይ፣ ጎሬ ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን አንገጫገጨኝ፤ ሰው በዚህ ብርድ ውስጥ እንዴት ይስቃል እያልኩ በየመንገዱ ያለውን ሁሉ አይ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል የተገኘው ስኮላርሺፕ ህንድ አገር፣ ፑኔ የሚባል ከተማ አደረሰኝ። እዚያ ሙቀቱ ብርቅ አልሆነብኝም። ብርቅ የሆነብኝ ሰዉ በዚያ ሙቀት መቸኮሉ ነው። እኛ ባሮ ወንዝ ዳር ጥላ ፈልገን የምንቀመጥበትን ሰዓት እነሱ ይሮጡበታል። ዳል የሚሉት ምስር ወጣችን ነው፤ ግን ቀጥኖ፣ በሩዝ።

የውጭ አገር ሰው የሚመዘግበው ሹም ፓስፖርቴን አገላብጦ የትውልድ ቦታዬን አነበበና ጋምቢያ ብሎ ጻፈ። ጋምቤላ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው አልኩት።

“ጋምቢያ የምትባል አገር አለች፤ አውቃለሁ” አለኝ። “ጋምቤላ የምትባል የለችም።”

“እኔ ከዚያ ነው የመጣሁት።”

“እንግዲያው ተሳስተሻል” ብሎ ማህተሙን መታው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጋምቢያዊት ሆኜ ኖርኩ።

ያከራዩኝ ሴትዮ፣ ሁሉም አንቲ፣ አክስቴ እንደማለት፣ የሚላቸው፣ ሥጋም ዓሣም በቤታቸው አይገባም። ዓሣ በልቼ ያደግሁ ነኝ፤ ያለ ዓሣ ሳምንት ማለፉ ራሱ ትምህርት ሆነብኝ። አንቲ ጠባዬን ወደውት ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ገብቼ የፎረንሲክ ኬሚስትሪ ክፍል ስመርጥ ግን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው።

“መርዝ ነው የማጠናው።”

“ለመስጠት ነው ለማግኘት?”

“ለማግኘት።”

“ቢሆንም” አሉ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ቤቴ አትገቢም። እኔ አበስልልሻለሁ።” እንዲህ ሆኖ የአንቲን ምግብ በነፃ ስበላ ከረምኩ።

ላቦራቶሪው ግን ሌላ ዓለም ነበር። ነጭ ዱቄት በተለበጠበት መስታወት ላይ ከናሙናው አንድ ጠብታ አድርገን፣ ጫፉን ፈሳሽ ውስጥ እናቆመዋለን። ፈሳሹ ሽቅብ ሲወጣ የተቀላቀለውን ሁሉ እየለየ በየደረጃው ይተወዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ምሳ ረስቼ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አንድ ቀን ፕሮፌሰራችን ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ አምጥተው፣ በሳሙና ደጋግመን ካጠብነው በኋላ ውኃ አሳድረንበት ውኃውን እንድንመረምር አዘዙን። መስታወቱ ላይ ነጠብጣቡ ወጣ፤ የጥጥ ተባይ መድኃኒት። ከዚያ ይህን መርዝ የጠጣ ሰው ምን እንደሚያሳይ ዘረዘሩ። ምራቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ ጠብቦ የመርፌ ጫፍ የሚያክል የዓይን ብሌን።

እጄን አነሳሁ። ዕቃው በአመድና በሳሙና ቢታጠብስ አልኳቸው። ከዚያስ ጠላ ቢቀመጥበት?

“ፕላስቲክ ይጠጣል” አሉኝ። “የጠጣውን ደግሞ ይመልሳል።”

በማግስቱ ስልክ ቤት ሄጄ አባቴን በቀጠሮ አስጠራሁት። በአኙዋክኛ እየተጣደፍኩ፣ ጠላው ማሳ የተወሰደው በምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም፤ እስር ቤት ሄዶ እስካሁን እዚያው ያሉትን እትዬ ጥሩዬን ጠየቃቸው። ከገበያ በተገዛ፣ ያገለገለ ጀሪካን ነበር። ጀሪካኑን ፖሊሶቹ ከሌላው ዕቃ ጋር መጋዘን ጥለውት ኖሮ ተገኘ። አባቴ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ከርሞ አዲስ አበባ አስላከው። መልሱ እንዳልኩት ሆነ፤ ጀሪካኑ ቀድሞ የተባይ መድኃኒት ይዞ የነበረ ነው፤ ፍርድ ቤቱ እትዬ ጥሩዬን አሰናበታቸው። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ለአንቲ ነገርኳቸው፤ ወጥ ቤታቸውን ከፈቱልኝ።

ቀጥሎ ስደውል አባቴ አጠገቡ ሰው አለ ብሎ ስልኩን ሰጠ። እትዬ ጥሩዬ ነበሩ። መረቁኝ፣ ስለ አየሩ ጠየቁኝ፣ ከስተሻል ወይ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“ዓለሜ፣ መርዙ ጀሪካኑ ውስጥ ነበር አይደል?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ። ታዲያ በእጄ ነው የሞቱት ማለት ነው?”

የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ። አላወቁም ነበር ልላቸው ጀመርኩ፤ አቋረጡኝ።

“ተይው፣ በስልክ አይሆንም” አሉ። “ስትመጪ ቁጭ ብለን ትነግሪኛለሽ።”

እሺ አልኳቸው። ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ፑኔ ሥራ ይዣለሁ። በየወሩ ስደውል አባቴን እትዬ ጥሩዬ ደህና ናቸው ወይ እለዋለሁ፤ ደህና ናቸው፣ መቼ ትመጣለች ይላሉ ይለኛል።