ከወይፈን ጋር የተወለደችው ጊደር

ሰኔ ነበር። አይ፣ ሐምሌ ሳይሆን አይቀርም፤ የበረቱ በር ላይ ያለው ጭቃ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበርና። ዓመቱን ግን አልስተውም፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ አጥቼ አክስቴ ቤት የተቀመጥኩበት ነው።

አክስቴ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ወተት እየሸጠች ነበር። ያለቻት አንዲት ላም አርጅታ ወተቷ እያደር ሲቀንስ፣ ምትክ የምትሆን ጥጃ ታሳድግ ነበር። ያገኘቻት ከታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ትልቅ በረት አለው፤ ዓመት ሙሉ እበቱን ዛቀችለት፣ በደሞዟ ፋንታ እምቦሳዋን ሰጣት።

ጊደር ማሳደግ ክፉ ሥራ ነው። መጀመሪያ የምትጠጣው ወተት ቢሸጥ እንጀራ የሚሆን ነው። ከዚያ ድርቆሽ አለ፣ ፉርሽካ አለ። ሁለት ዓመት ትበላለች እንጂ ጠብታ አትሰጥም። ጎረቤቶች "ላም አለኝ በሰማይ" እያሉ ሲያሾፉባት፣ አክስቴ "ስትወልድ ጣሳ ይዛችሁ እንዳትመጡ!" ትላቸው ነበር።

ጊደሯ ሰውነቷ ሞላ፤ ኮርማ ግን አልፈለገችም። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም መጣ፤ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ መረመራት።

"እትዬ፣ ይቺ ስትወለድ መንታ ነበረች?"

"እኔ ምን አውቄ፤ የወንድሜ ናት።"

"ከወንድ ጋር መንታ የሆነች ጥጃ አብዛኛውን ጊዜ መካን ናት። የዚችም ማሕፀን በወጉ አልተሠራም። ወተት አይጠብቁ።"

 አክስቴ ገመዱን ፈትታ ጊደሯን እየጎተተች ወደ ወንድሟ በረት ሄደች። ተከተልኳት።

"ጋሼ፣ ይቺ ስትወለድ ብቻዋን ነበረች?"

"ወይፈን አብሯት ነበር። ምነው?"

"መካን እንደምትሆን ታውቅ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።" ሳቀ። "ታዲያ መቼ ጠየቅሽኝ? ደግሞ እንዴት አድልበሻታል! ለሥጋ ሽጫት።"

"አፍህ ላይ ኩበት ተለጥፎበት ነው ያልነገርከኝ? ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ ነው ያጠጣኋት! ላሜ ነገ ስትነጥፍ ሥጋ ላልብ?"

"ነገር አታክርሪ። የእናቴ ልጅ አይደለሽ?"

"እሱማ ነው ጉድ የሠራኝ! ባዳ ቢሰጠኝ እጠይቅ ነበር።"

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ማንም በማይፈልጋት እምቦሳ የአንድ ዓመት ላቧን ዋጋ ከፈላት፤ መኖዋንም በእህቱ ላይ ጣለው።

አክስቴ መካኗን ከምሰሶው አሰረችና ከጥግ ሌላ ጊደር ፈታች።

"ያቺን ተያት! ርጉዝ ናት!"

"ለዚህ ነዋ የመረጥኳት!"

በሩ ላይ ቆመባት።

"ዘወር በል። አለዚያ ካንተ ጥጃ የሚገዙትን ሰዎች ጠርቼ እነሱ ፊት እንነጋገር።"

እኔን አየ፣ እሷን አየ። ዘወር አለ።

ከእንግዲህ ይህን ቤት ትረግጪዋለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን ጊደሯን አስቀድማ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ወጥታ ሄዳለች።