ራይትና ሌፍትን ያስተማርኩ ሰሞን

ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ ተጨፍሮ ሳያበቃ ጦርነት መጣ። አንድ ጠዋት የሰፈር ሽማግሌ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆመኝና የአንዷ ተማሪዬ ወንድም ግንባር ላይ መሞቱን ነገረኝ። እናት አባት የላትም፤ ያሳደጋት እሱ ነው።

«መርዶው የሚነገራት አጎቷ ከአምባሰል ሲመጣ ነው። እስከዚያ በአላህ፣ ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ።

ወጋችን ነው። ደግፎ የሚይዘው ዘመድ ሳይኖር ለሰው መርዶ አይነገርም። እሺ አልኩ።

ገብቼ አስተማርኩ። የዕለቱ ትምህርት ሁለት ቃል ነበር፤ ራይትና ሌፍት። ራይት ቀኝ ነው፣ ልክ ነው፣ መብትም ነው። እኛስ ቀኝ ያውለን እንል የለ? ቶሎ ገባቸው። ሌፍት ግን ግራ ነው፣ ሄደ ነው፣ ደግሞም ተርፎ የቀረ ነው።

«ኧረ ቲቸር፣ የሄደውና የቀረው እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?» አለች እሷ።

«እኔን ምን ታደርቂኛለሽ፣ እንግሊዞቹን ጠይቂ!» ብዬ ጮህኩባት። ድሮም ግልፍተኛ ነኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እሷም ከት ብላ ሳቀች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ ቀጠልኩ።

አጎትየው በማግስቱም አልመጣም። መንገዱ ተዘግቷል አሉ። በሦስተኛው ቀን ፈተና ሰጠሁ። ሁለት ተሳስታ ሳለ ከአሥር አሥር ጻፍኩላት። ምን እንደነካኝ እንጃ!

«አልሐምዱሊላህ! ለወንድሜ ነው የማሳየው» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጎበዝ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ልቤ ደንዝዞ ነበር፤ ማፈር እንኳ አልቻልኩም።

ያን ዕለት ወደ ማታ አጎቷ በእግሩ ደረሰ። ሲነጋ ተነገራት። ለቅሶ ስሄድ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ድምጿ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

«ቲቸር፣ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ሰፈሩም?»

«ሁላችንም። ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብለን ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ» አለች። «ብቻዬን የነበርኩትማ ያኔ ነው።»