በሁለት መዳፍ መካከል የረጠበ አፈር

ገሠሠ በአንድ የማዕድን ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፈር ሲያጥብ ኖረ። ከአዶላና ከወለጋ በጆንያ ተቋጥሮ የመጣለትን ናሙና በገበቴ ላይ እያሽከረከረ፣ ቀላሉን በውኃ እየሸኘ፣ ከባዱን እያስቀረ፣ ከገበቴው ጥግ የተገኘችውን ቢጫ ቅንጣት በአጉሊ መነጽር አይቶ መመዝገብ ነበር ሥራው። በ1985 ዓ.ም. «ትርፍ ሠራተኛ» ተብሎ ሲሰናበት የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ቃሉን ልብ ይሏል፤ ትርፍ።

ከዚያ ሕይወት ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። አንዱ ያረጀ ገበቴ ነው። ሌላው አብሮት መስክ ለመስክ የዞረ የውጭ አገር ጂኦሎጂስት ወደ አገሩ ሲመለስ ያበረከተለት ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ነው፤ ረጅም ክንድ፣ በክንዱ ጫፍ እንደ ሳህን የተዘረጋ ክብ፣ ከጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ። የላፍቶ ሰው «ወርቅ አሽታች» ብሎ ሰየመው። እሑድ እሑድ ገሠሠ ይህንን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አያሳልፉትም ነበር።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ዛሬስ ስንት ምስማር ተለቀመ?»

«ሰባት። አንዱ የፈረስ ጫማ ነው።»

«እንግዲህ ፈረሱ ሲገኝ ይጥሩን!»

ወርቅ እንደማያገኝ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኦልጅራ የተባለው የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ አብሬዎ ልውረድ ባለው ዕለትም አልደበቀውም።

«ልጄ፣ የዚህ አካባቢ አለት የእሳተ ገሞራ ነው፤ ወርቅ የለበትም።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?»

«ማጠብ ለምዶብኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አለ ኦልጅራ እየሳቀ፣ «በአባቴ መሬት ላይ ካቦ ሳይጮህብኝ መቆፈር ናፍቆኝ ነው።»

ቀልድ አልነበረም። የአባቱን የጤፍ ማሳ አንድ ድርጅት ወስዶ የገረጋንቲ ካባ፣ ማለት አፈርና ድንጋይ ማውጫ፣ አድርጎታል፤ ለከተማው መንገድ መሙያ የሚሆነው ቀይ ኮረት የሚወጣው ከዚያ ነው። ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ፣ በቢያጆ፣ በተጫነው መኪና ቁጥር እየተከፈለው፣ በድጅኖ የሚንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው ከላይ ጀምሮ በደረጃ አይቆፍርም፤ ከሥር ይቦረቡርና የላይኛው በራሱ ክብደት እንዲወርድለት ያደርጋል። የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ይህንን ያያል። የካባው ምክትል ኃላፊ ያያል። የተናደው ሲጫን ደግሞ ሁሉም ደስ ይላቸዋል።

ጥቅምት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ግድግዳው ወረደ። ከሥሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ አመለጡ።

የኦልጅራ ሚስት ሌንሳ በዚያው ካባ ድንጋይ ተሸካሚ ነበረች። ቆማ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ጥላ ወደ ገሠሠ ቤት ሮጠች። «ጋሼ! መሣሪያውን! ኦልጅራ ከሥር ነው!» ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር የረባ ነገር ያሰበ ሰው ቢኖር እርሷ ናት።

ገሠሠ ስምንት ተኩል ሲሆን ደረሰ። በኋላ በቀዝቃዛ ልብ መመዘን ያለበት የሚከተለው ነው። ከናዳው መቶ ሰማንያ እርምጃ ርቆ አንድ ሎደር፣ አፈር የሚዝቅ ማሽን፣ ቆሟል። ነዳጅ አለው። ኦፕሬተሩ ሃምዛ ከመወጣጫው ላይ ነው። የጎደለው ቁልፉ ነው፤ ቁልፉ በምክትል ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሎደር የተቀበረ ሰው ይቆርጣል የሚሉ አሉ፤ ማንም ግን በተቀበረው ሰው ላይ ይነዳ አላለም። ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጠርዝ ደግፎ እንዲይዝ ነበር የተለመነው፤ ጠርዙ ባይደገፍ ከአራት ሰው በላይ ከሥሩ ገብቶ መቆፈር አይችልም ነበርና።

«ጌታዬ፣ ሰው ከአፈር በታች ነው!» አለ ሃምዛ።

«ማሽኑ የኪራይ ነው። ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ የሚንቀሳቀሰው በኃላፊው ፊርማ ነው» አለ ምክትሉ።

«ኃላፊውስ?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው። ስልክ እየሞከርን ነው።»

«ቁልፉን ስጡኝና እኔ ልታሰር!»

«አንተማ ትታሰራለህ፤ እኔስ?»

ገሠሠ ማዳመጫውን ደፍቶ ገረጋንቲውን መዳሰስ ጀመረ። ቀይ አፈር ራሱ ብረት አለበትና በየቦታው ያጉረመርማል። ከመሐሉ ግን አንድ ቦታ ድምፁ ጠርቶ ጮኸ። «እዚህ!» አለ። አራቱ ሰዎች በአካፋ፣ የቀሩት ከዳር ሆነው በቆርቆሮና በእጃቸው አፈሩን እየተቀባበሉ ወደ ግራ ወረወሩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆፈሩ። ደረት የሚያህል ጥልቀት ላይ የወጣው ድጅኖ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንደተተከለ።

ገሠሠ ድጅኖውን ሲያይ ስሕተቱ ገባው። የሚሸሽ ሰው ድጅኖ ይዞ አይሸሽም። ጥሎት ነው የሚሮጠው። ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም ነበር፤ እርሱ ግን ድምፅ በጠራበት ሰው አለ ብሎ የሰው ነፍስ አሲዟል።

«ሌንሳ፣ ስሚኝ» አላት። «በሰውነቱ ላይ ምን አለ? ሳንቲም? ቀበቶ?»

«ቀበቶው ገመድ ነው።»

«አስቢ፣ ልጄ!»

«ቁልፍ! የሳጥናችን ቁልፍ፣ ባንገቱ። ቢጫው፣ የነሐሱ!»

መሣሪያው ብረትን እንዳይሰማ የሚያደርግ ማዞሪያ አለው። ገሠሠ እስከ ጥግ አዞረው፤ ምስማሩም ቆርቆሮውም ጸጥ አሉ። ኦልጅራ ሊሸሽበት ወደሚችለው አቅጣጫ፣ ወደ መውጫው፣ ስንዝር በስንዝር ሄደ። ዝም። እንደገና ሄደ። ዝም። ያን ጊዜ ነው ወደ ግራ የተወረወረውን አፈር ልብ ያለው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከጉድጓዱ ያወጡትን ሁሉ የከመሩት በመውጫው መንገድ ላይ ነበር።

«ያንን አንሡት!»

ክምሩ ሲነሣ፣ ድጅኖው ከወጣበት አራት እርምጃ ርቆ፣ እንደ ጫጩት ድምፅ ያለ ቀጭን ጩኸት ተሰማው።

በእጃቸው ጫሩ። ጭንቅላቱ ከአንድ ስንዝር ተኩል በታች ነበር። ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለቱን መዳፎቹን በአፉና በአፍንጫው ፊት እንደ ጽዋ ገጥሞ ነበር የተቀመጠው። ሰውነቱ ይሞቃል፤ አይተነፍስም። ደረቱን ጫኑት፤ በአፉ እፍ አሉበት፤ ሌንሳ በስሙ ጠራችው። አልመለሰም። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። የሎደሩ ቁልፍ፣ ፊርማው በሰፈረበት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ደረሰ።

ሌሎቹ ሟቹን ሲያነሡ ገሠሠ ከመዳፎቹ መካከል የወደቀውን አፈር አየ። ጥቅምት ነው፤ ገረጋንቲው እንደ ዱቄት የደረቀ ነው። በመዳፎቹ መካከል የነበረው ግን ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ የአፍን ቅርጽ ይዞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እርጥብና ደረቅ አፈር ሲለይ ለኖረ ሰው ይህ ፊደል ነው። ኦልጅራ ከአፈር በታች ተንፍሷል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ፣ አፈሩ እስኪርስ ድረስ። ከላዩ እየቆፈሩ፣ እየረገጡ፣ እየከመሩበት ሳለ። ገሠሠ ጎንበስ ብሎ ሲነካው አፈሩ ፈረሰ፤ ወዲያው ደረቀ። ከእርሱ ዓይን በቀር ምስክር አልቀረለትም።

በሠልስቱ ሌንሳ በድንኳኑ ጥግ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ተሠቃይቷል?»

ለሐዘንተኛ እውነትን በጠብታ እንጂ በእንስራ አያቀርቡም፤ አድገንበታል። ገሠሠም እንዳደገው አደረገ።

«የለም፣ ልጄ። ወዲያው ነው ያለፈው። አላወቀውም።»

ራሷን ነቀነቀች። ያመነችው መሰለው።

ናዳው በወረደ በአሥራ ሦስት ቀኑ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የድርጅቱ አጣሪ ኮሚቴ ገሠሠንና ሌንሳን ጠራቸው። ሰብሳቢው፣ አንድ የሕግ ሰውና ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው ያው ምክትል ኃላፊ ነበር። ሌንሳ በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ ከአውራ ጣቷ በቀር የሚፈለግባት አልነበረም።

«መሣሪያዎ ፈቃድ አለው?» አለ ሰብሳቢው ገሠሠን።

«የለውም።»

«የተሳሳተ ቦታ አስቆፍረዋል ይባላል።»

«ሃያ ሁለት ደቂቃ» አለ ገሠሠ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይጻፍ። የሎደሩም ሰዓት ይጻፍ። ከስምንት ከአሥር እስከ ዘጠኝ ከአርባ፤ ዘጠና ደቂቃ።»

«እንደርስበታለን» አለ ሰብሳቢው፤ ብዕሩንም አስቀመጠ። «ለመሆኑ ሟቹ ከናዳው በኋላ በሕይወት እንደነበረ የሚያመለክት ነገር አይተዋል?»

ይህ ጥያቄ የተጠየቀው እንዲመለስ አይደለም፤ እንዲዘጋ ነው። አይቻለሁ ቢል የመሳቢያው ቁልፍ ወንጀለኛ ይሆናል። አይቻለሁ ቢል ደግሞ በበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ባሏ ከሥር እየተነፈሰ አፈር ሲከመርበት እንደነበር፣ ከምታምነው ሰው አፍ፣ በገዳዮቹ ጠረጴዛ ፊት ትሰማለች። ገሠሠ ዞሮ አያት። ዓይኗን ከእርሱ ላይ አልነቀለችም ነበር። እንዳትነግረኝ የምትለው መሰለው።

«ወዲያው ነው ያለፈው» አለ።

ምክትሉ ፈጥኖ ጻፈ፤ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ አነበበ። «ሟች ወዲያው ሕይወቱ ያለፈ በመሆኑ የማሽኑ መዘግየት በውጤቱ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።» ዘጠናው ደቂቃ በአንድ ቃል ታጠበ። ገሠሠ ፈረመ። ሌንሳ በቀለም የተነከረ ጣቷን አሳረፈች።

ከግቢው ሲወጡ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየፈተገች ቆመች።

«ጋሼ፣ ጥፍሮቹን እኮ አይቻቸዋለሁ» አለች። «ሲያነሡት እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አፈር ገብቶባቸው፣ ሁለቱ ተነቅለው።»

ገሠሠ ወደ ግቢው መለስ ብሎ አየ።

«በድንኳን ያሉኝን ለማጽናኛ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እዚህ ግን ይናገራሉ ብዬ ነበር። እኔ ብናገር ያበደች ሐዘንተኛ ነው የሚሉኝ፤ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ዓይንዎን እያየሁ ይናገሩ፣ ይናገሩ ስልዎት ነበር።»

ገሠሠ ዞሮ ወደ ግቢው በር ሮጠ፤ ዘበኛው ግማሹን መዝጊያ ገጥሞት ነበር።

«ሥራ አብቅቷል፣ አባባ። ቃለ ጉባኤውም ታሽጎ ሄዷል።»

«አንድ ቃል ነው የማስለውጠው። አንድ ቃል ብቻ!»

«የቷን?»

«‹ወዲያው› የምትለዋን።»

ዘበኛው መወርወሪያውን እየሳበ በአዘኔታ ተመለከተው።

«እሷ ብቻ ከሆነችማ ምን ያስቸኩልዎታል? ሰኞ ይምጡ።»