አሮጌው መቃብርና የባሌ ግራቪሊያ

ሐዋሳ ራሷ ገና ልጅ ሳለች መቃብሯን «አሮጌው» ማለት እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም። ባሌ «ከተማዋ ሳታረጅ መቃብሯ አረጀ» እያለ ይስቅ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ማዶ መጥቶ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ነው። «ነበር» ማለት እስካሁን ይከብደኛል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የሚቀበረው ጥቂት ሰው ነው። ነዋሪው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሆነ፣ ሰው የሞተበት መኪና ፈልጎ ሬሳውን ወደ ትውልድ አገሩ ይወስዳል። እዚህ የሚቀረው ዘመድ ያልተገኘለት መንገደኛ ነው። በኋላ እዚሁ ወልዶ እዚሁ የሚያረጀው በዛና ኦርቶዶክሱ በአንድ ወገን፣ ፕሮቴስታንቱ በሌላው፣ የእግር መንገድ እየለያቸው መቃብሩ መሙላት ጀመረ።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው እሁድ እሁድ ለልማት ያስወጣን ነበር። አንድ ክረምት መቃብሩን እንድናጥርና ችግኝ እንድንተክል ታዘዝን። ባሌ አንዲት ግራቪሊያ ተከለ፤ ውሃ ማመላለሱ ለእኔ ደረሰ።

«አጠጪያት» አለኝ። «ላንቺ ጥላ ትሆናለች። እኔ እንደሆን ስሞት አገሬ ነው የምገባው።»

«ግባ! እኔ እዚሁ ጥላዋ ሥር ሌላ ባል አገኛለሁ።»

«ከመቃብር ቤት?»

«ቢያንስ እሱ ዝም ይላል።»

ለእድርተኛ ጉድጓድ ሊቆፍር በሄደ ቁጥር ዶማውን አስደግፎ የሚያርፈው ከዚያችው ዛፍ ሥር ሆነ። የእድራችን ዳኛ ፕሮቴስታንት ቢሆኑም በእኛም ወገን ዶማ ይዘው የማይገኙበት ቀብር የለም። «መምህር፣ ቦታ ያዝክ እንዴ?» ይሉታል።

«የእኔ አጥንት ከሐዋሳ አሸዋ ጋር አይስማማም» ይላል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ባሌ ታመመና ሞተ። ሊጠይቁት መጥተው የነበሩት ታላቅ ወንድሙ ገና ሲነጋ «አገሩ እወስደዋለሁ» ብለው መኪና ፍለጋ ወጡ። ያን ያህል ርቆ ከሄደ መቃብሩን መቼም አላየውም። ግን ምን ብዬ ልከራከር? ያፌን መልስ የነጠቀኝ የራሱ ቃል ነው።

እኔ ስጨነቅ የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ኖሯል። ጥሩምባ ከተነፋ ደግሞ ቆፋሪዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ይወጣሉ። ወንድሙ መኪናውን ይዘው ሲመለሱ ዳኛው አፈር የለበሰ እጃቸውን እያራገፉ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ደረሱ።

«ጉድጓዱ አልቋል» አሉ።

«ማን ቆፍሩ አላችሁ?»

«ጥሩምባው።»

«የት ነው የቆፈራችሁት?»

«ከዛፏ ሥር ነዋ። ሁልጊዜ የሚቀመጥበት።»

ወንድሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዳኛው ግን ረጋ ብለው ቀጠሉ፤ «እኛ ዘንድ የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አያድርም። ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል። ወንድምዎን ከወሰዱት፣ እርስዎ ይገቡልናል?»

ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላ አፈነ። እኔም በዚያ ቀን ሳቅሁ፤ እሱ ቢኖር ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር።

ወንድሙ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ዛፏን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ወጥተው ሾፌሩን አሰናበቱት።

ለአርባው ተመልሰው ሲመጡ አብረን ሄድን። ከግራቪሊያዋ ሥር ተቀምጠው ቀና ብለው ቅርንጫፎቿን አዩ።

«ጥላዋስ ደህና ነው። ለእኔ ቦታ ይገኝ ይሆን?»

«መጀመሪያ እድር ይግቡ» አልኳቸው። «የቀኝ ጎኑ ግን ተይዟል።»