እማማ ዘይነባ የዘረጉት እጅ

ዛሬ አንድ ጎብኚ እማማ ዘይነባ በዘረጉት መዳፍ ላይ ብር አስቀመጠ። እሳቸው እጃቸውን የዘረጉት ግን ዱዓ ሊያደርጉለት ነበር።

አስጎብኚ ነኝ። ሆጤ ሰፈር ያለውን፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራውን የድንጋይ ቤት ላሳይ ነው ጎብኚዎቹን ይዤ የሄድኩት። ድንጋዩን የጠረቡት የእማማ አባት ናቸው፤ ፍንጣሪው አንድ ዓይናቸውን አጥፍቶባቸዋል። ዛሬ እማማ እዚያው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።

ጎብኚዎቹ ፎቶ ሲያነሱ «እማማ፣ ፎቶው ውስጥ ገቡብን፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አሏቸው። ፈቀቅ አሉ።

(ለካ ቅርስ ሰው የማይታይበት ግድግዳ ኖሯል።)

እኛ ወሎ እንግዳ ያለ ዱዓ አይሸኝም። ልንሄድ ስንል እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው ብሩን አስቀምጦ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እማማ ብሩን አይተው «ልጄ፣ ለማኝ መሰልኳቸው እንዴ?» አሉኝ።

ብሩን ደረጃው ላይ አኑረው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «አላህ መንገዳችሁን ያቅናው፤ በሰላም ያግባችሁ» አሉ፣ መኪናውን እያዩ።

አሚን ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሰናበታቸው «ነገም ሰው ታመጣለህ?» አሉኝ።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተስ አሚን ሳትሉ የወጣችሁበት ቤት አለ?