የጋሪ ቀለም የተቀባው ታንከር

እንጅባራ ላይ ቀለም መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ሱቄ ገብቶ «የምቀባው ዕቃ ውስጥ የሚገባው ነገር ይሄ ነው፤ የትኛው ቀለም ይችለዋል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። የምጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያብረቀርቃል ወይ፣ ቶሎ ይደርቃል ወይ። ብረቱ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።

የሳሙናው ታንከር ነገርም እንዲሁ ጀመረ። ስድስት ሴቶች ፈሳሽ ሳሙና ሊሠሩ ተደራጁና ሼድ ተሰጣቸው፤ ኮስቲክ ሶዳውን በውሃ የሚበጠብጡበት የብረት ታንከርም ተገዛላቸው። ውስጡን የሚቀባ ቀለም ሊመርጡ ሰብሳቢዋ መጡ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከአማርኛው አዊኛው የሚቀናቸው ሴትዮ ናቸው። አብሯቸው ሥራቸውን የሚከታተል ወጣት የቢሮ ባለሙያ ነበር። ባለሙያ የምለው ባጁ እንደዚያ ስለሚል ነው።

«አረንጓዴውን የጋሪ ቀለም ስጠን» አለኝ።

«ለታንከር ውስጥ?»

«ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ያሉትን ጋሪዎች አላየህም? ፈረሱ ስንት ዓመት ሲሸናበት ንቅንቅ ያላለ ቀለም! ሽንት የቻለ ሳሙና ያቅተዋል?»

አይፈረድበትም ልል ነበር፤ እኛ አገር ቀለም የሚፈተነው ከፈረስ ጭራ ሥር ነው። የሚፈረድብኝ ግን እኔ ነኝ። አናጢ ያረጀ በር ሲያድስ የድሮውን ቀለም በምን እንደሚያነሳው አውቃለሁ። ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ ይቀባዋል፤ የዘይት ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ይነሳል። ሶዳውን የምሸጥለት እኔው ነኝ! የማስቀምጠውም ከጋሪ ቀለሙ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ ሶዳ ይህን ቀለም ይልጠዋል። ለእንዲህ ያለው ኢፖክሲ የሚባል አለ፤ ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚቀባ» አልኩት።

«አረንጓዴ አለው?»

«ያለኝ ግራጫ ነው።»

«ግራጫ ለሼዱ ምረቃ ቀን አይሆንም። ደግሞ የምንሠራው ሳሙና እንጂ መርዝ አይደለም!»

አንዴ ተናገርኩ፤ ሁለተኛ አልደገምኩም። እኔ ካልሸጥኩለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል ብዬ ራሴን አጽናናሁና አረንጓዴውን አስረከብኩ።

ወር ሳይሞላ ሰብሳቢዋ ብቻቸውን ተመለሱ። ከነጠላቸው ጫፍ እፍኝ ሙሉ አረንጓዴ ቅርፊት ፈትተው ባንኮኒዬ ላይ ዘረገፉት። ነካሁት፤ ያሟልጫል።

«ቀለምህ ከእኛ ቀድሞ ሳሙና ሆነ» አሉኝ።

ታንከሩ ዝጓል፤ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ የገዛው ሁሉ መልሶባቸዋል። ይሄ ሳያንስ ባለሙያው «በግዴለሽነት ንብረት አበላሹ» ብሎ ጽፏል፤ ሼዱም ለሌላ ማኅበር ሊሰጥ ነው። በግዴለሽነት! መራጩ እሱ፣ ሻጩ እኔ፣ ጥፋተኞቹ ግን ጎንበስ ብለው ሲያማስሉ የዋሉት ሴቶች።

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? እሱ ተማርኩ ይላል፣ አንተ የቀለም ነጋዴ ነህ። እናንተ ያላወቃችሁትን እኛ ከየት እናምጣው?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቁራጭ ብረት አዘጋጀሁ፤ አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን ግራጫ ቀባሁት። በእንጅባራ ብርድ ኢፖክሲው እስኪጠነክር ከሳምንት በላይ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለቱንም በፕላስቲክ ባልዲ የሶዳ ውሃ ውስጥ ነክሬ አሳደርኳቸው። የሼዱ ጉዳይ በሚታይበት ቀን ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። የባለሙያው አለቃም እዚያው ሼዱ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ቁራጮቹን በፒንሳ አውጥቼ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኳቸው። አረንጓዴው ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ ግራጫው እንደገባ ወጣ።

«ቀለሙን የሸጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንደማይሆን እያወቅኩ ነው የሸጥኩት። የመረጠው ደግሞ እሱ ነው። እነዚህ ሴቶች ያጠፉት ነገር ቢኖር እኛን ማመናቸው ነው።»

ሴቶቹ በአዊኛ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። የምሰማት አዊኛ ትንሽ ብትሆንም እየተሰደብኩ መሆኑን ለማወቅ ትበቃለች።

አለቃው ቁራጮቹን እያገላበጡ ቆዩ። በመጨረሻ ሼዱ እዚያው እንዲቆይላቸው፣ ታንከሩም ተፍቆ በግራጫው እንዲቀባ ወሰኑ። ቀለሙንም ፍቅፈቃውንም በራሴ ላይ አደረግኩ፤ ብረት ብሩሽ ይዤ ታንከሩ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ።

ልንነሳ ስንል ባለሙያው ግራጫውን ብረት አነሳና በመስኮቱ ብርሃን አየው።

«እንዲያው ይሄ ነገር በአረንጓዴ ማስመጣት አይቻልም?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሰብሳቢዋ ቀደሙኝ።

«አረንጓዴ ካማረህ ጋሪ ግዛ፣ ልጄ። ፈረሱን እኛ እናመጣልሃለን።»